ልብስ ጠባቂው ተማሪም ወደ ሜዳው ይግባ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ወደ ዝግጅት ክፍላችን ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል በርከት ያሉት ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች በሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ክፍለ ጊዜ እንዴት ሊሳተፉ እንደሚችሉ የሚጠይቁ ናቸው። ስለዚህ የዚህን እትም ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። የጠያቂዎቹን ስም ትተን ደብዳቤዎቻቸውን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ዘንድሮ ከማስተምራቸው የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል አንድ ሙሉ በሙሉ ዐይነ ስውር የሆነ ልጅና በሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የአካል እንቅስቃሴ ችግር) ምክንያት በሁለት ክራንች የምትሄድ ልጅ ይገኛሉ። ክፍሉ ከ60 በላይ ተማሪ ያለው ሲሆን፣ በእጄ ያለው ሁለት ኳስና ጠጠር የበዛበት ሜዳ ብቻ ነው። እስካሁን ሁለቱ ልጆች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው የጓደኞቻቸውን ሹራብና ደብተር ይጠብቃሉ። ነገሩ ባያስደስተኝም ቢወድቁ ተጠያቂው እኔ ነኝ ብዬ እፈራለሁ። በዚህ ረገድ የወሰድኩት ሥልጠናም የለም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መምህር፣ ከፍርሃትዎ ልነሳ፤ ብዙ መምህራን እነዚህን ልጆች ከዛፍ ሥር የሚያስቀምጧቸው ከክፋት ሳይሆን ከዚሁ ፍርሃት የተነሳ ነውና። በስፖርት ክፍለ ጊዜ መውደቅ በማንኛውም ልጅ ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ መቀመጥ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ቀስ እያለ ስለሚመጣ ማንም አይጠየቅበትም እንጂ ከመውደቅ የከበደ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለባት ልጅ ጡንቻዋ የመገተር ጠባይ ስላለው ካልተፍታታና ካልሠራ ከጊዜ ወደ ጊዜ እያጠረ፣ መገጣጠሚያዋም እየታሰረ ይሄዳል። ዐይነ ስውሩ ልጅም ሚዛን መጠበቅን፣ አቅጣጫ መለየትንና በሰፊ ቦታ ላይ ያለ ሥጋት መራመድን የሚማረው በመንቀሳቀስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት የሚሆናቸው ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ሲመክር፣ አካል ጉዳት ላለባቸው ልጆችም ያስቀመጠው መጠን ይኸው ነው።

ሕጉም ከእርስዎ ጋር ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 30 ላይ አካል ጉዳተኛ ሕፃናት ከሌሎች ሕፃናት እኩል በጨዋታ፣ በመዝናኛና በስፖርት መሳተፍ እንዲችሉ መንግሥታት እርምጃ እንዲወስዱ ያዛል፤ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚካሄደውንም በስም ጠቅሶ አካቶታል። ስለዚህ ርእሰ መምህሩ ወይም ወላጅ «ለምን አስገባሃቸው?» ብሎ ቢጠይቅዎ በእጅዎ የሚይዙት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ሥራ ሜዳ ላይ ሳይሆን ከልጆቹና ከወላጆቻቸው ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገር ነው። ልጅቱ በእረፍት ሰዓት ምን እንደምትጫወት፣ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚያማት፣ ስትወድቅ እንዴት እንደምትነሳና እርዳታ ስትፈልግ በምን ዓይነት መንገድ እንድትረዳ እንደምትሻ ራሷን ይጠይቋት። ከእናቷ ደግሞ የሚጥል በሽታ እንዳለባትና እንደሌለባት ይወቁ፤ ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች መካከል ይህ በብዛት ይታያልና። ከዐይነ ስውሩ ልጅም እንዲሁ ብርሃንና ጥላ እንኳ ይለይ እንደሆነ፣ የዐይኑ ሐኪም በጭንቅላቱ ላይ ምት እንዳይደርስበት ያስጠነቀቀበት ምክንያት ይኖር እንደሆነ ይጠይቁ። እኔ ባየሁት መጠን ይህ ውይይት ሲዘለል መምህሩ ለልጁ የማይሆን ነገር ያቅዳል፤ ወይም ልጁ የሚችለውን ነገር ይከለክለዋል።

ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ትምህርት አራት ነገሮችን እየመረመሩ ማስተካከል ይቻላል፤ እነርሱም ቦታው፣ የሚሠራው ተግባር፣ መሣሪያውና አብረው የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። አራቱን በአንድ ጊዜ መለወጥ አያስፈልግም፤ ብዙውን ጊዜ አንዱን መለወጥ ይበቃል።

ለዐይነ ስውሩ ልጅ በቅድሚያ ሜዳውን ያስተዋውቁት። ሌሎቹ ተማሪዎች በሌሉበት ጊዜ አንድ ቋሚ መነሻ፣ ለምሳሌ የክፍሉን ግድግዳ ጥግ ይምረጡና እርሱ ክንድዎን ከክርንዎ ከፍ ብሎ ይዞ ከጎንዎ ግማሽ እርምጃ ወደኋላ ቀረት እያለ የሜዳውን ዙሪያ አብራችሁ ሂዱ። እርስዎ እርሱን እየጎተቱ ሳይሆን እርሱ እርስዎን ይዞ መሆን አለበት። ግንዱን፣ የቦኖ ውኃውን፣ ቁልቁለቱ የሚጀምርበትን ቦታ በእጁና በእግሩ ይለየው። አዲስ እንቅስቃሴ ሲያስተምሩት «እንዲህ አድርግ» ማለት ለእርሱ ትርጉም የለውም። «ቀኝ ክንድህን በጆሮህ ትክክል ወደ ላይ ዘርጋ» ብለው በቃል ይግለጹለት፤ ካልገባው ፈቃዱን ጠይቀው የሚያሳየውን ተማሪ ትከሻና ክንድ እየዳሰሰ ይከታተል።

ሩጫውን በተመለከተ ኢትዮጵያዊቷ አትሌት ያየሽ ጌቴ እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ፓራሊምፒክ የሴቶች 1,500 ሜትር ሙሉ በሙሉ ወይም ከሞላ ጎደል ማየት ለማይችሉ በተዘጋጀው ምድብ ወርቅ ስታሸንፍ አብሯት የሮጠ መሪ ነበር። መሪውና አትሌቷ የሚያያዙት በአጭር ገመድ ነው፤ መሪው አትሌቷን መጎተት አይፈቀድለትም፣ የመጨረሻውንም መስመር መቅደም ያለባት እርሷ ናት። ይህንኑ በደሴ ሜዳ ላይ ለመሥራት ሁለቱም ጫፉ በቀለበት የተቋጠረ የጫማ ማሰሪያ ወይም የጨርቅ ቁራጭ ይበቃል። ሁለቱ ልጆች ቀለበቶቹን በጣቶቻቸው ያጠልቃሉ፣ መጀመሪያ እየተራመዱ የእጃቸውን ውዝዋዜ ያስማማሉ፣ ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሩጫ። መሪው «ቀጥታ»፣ «ወደ ግራ ኩርባ»፣ «አምስት እርምጃ ቀረን» እያለ መናገር እንዳለበት አስቀድሞ ያለማምዱት። መሪው ከዐይነ ስውሩ ልጅ በፍጥነት እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት፤ ዘገም ያለውን «የዋህ ነው» ብሎ መመደብ ሯጩን ያስረዋል። የተለያዩ ልጆችም በየሳምንቱ እየተተኩ ይምሩት። አንድ ጓደኛ ብቻ ሁልጊዜ መሪ ከሆነ ጓደኝነቱ ወደ አገልጋይነት ይለወጣል፤ ያ ልጅም የራሱ ትምህርት ይቀርበታል።

ለኳስ ጨዋታ ደግሞ ጎልቦልን እመክራለሁ። ጨዋታው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ዐይናቸውን ላጡ ወታደሮች የተፈጠረ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ቡድን ሦስት ተጫዋቾች ሁሉም ዐይናቸውን ተሸፍነው ቃጭል ያለበትን ኳስ በመሬት እያንከባለሉ ለማግባት፣ ተከላካዮቹም በሰውነታቸው ተጋድመው ለማስቆም ይጥራሉ። ቃጭል ያለበት ኳስ ባይገኝ ያለዎትን ኳስ በፌስታል ጠቅልለው አጥብቀው ይሰሩት፤ ሲንከባለል የሚያሰማው ኮሽኮሽታ በጸጥታ ውስጥ በደንብ ይለያል። የሜዳውን መስመር በኖራ ብቻ ከማስመር ይልቅ ሲባጎ ዘርግተው በፕላስተር መሬት ላይ ቢያጣብቁት ተጫዋቹ ያለበትን ቦታ በእግሩ ጣት እየነካ ያውቃል። ጠጠር ባለበት ሜዳ ላይ መጋደም ስለማይቻል ሲሚንቶ የሆነ በረንዳ ወይም ሣር ያለበትን ጥግ ጠርገው ጆንያ ያንጥፉበት። የሚያዩት ተማሪዎች ነጠላቸውን ወይም ሹራባቸውን ዐይናቸው ላይ አስረው ሲጫወቱ ጨዋታው ለሁሉም እኩል ከባድ ይሆናል፤ ዐይነ ስውሩ ልጅም ድምፅን በመከታተል ለዓመታት ያካበተው ልምድ ስላለው ብዙ ጊዜ ከጓደኞቹ የተሻለ ሆኖ ይገኛል።

በክራንች ለምትሄደው ልጅ ማሟሟቂያው ከሌሎቹ ረዘም፣ ፍጥነቱም ዝግ ያለ ይሁን፤ በደሴ የጠዋት ብርድ ደግሞ ጡንቻዋ ይበልጥ ስለሚገተር ፀሐይ ያለበትን ቦታ ይምረጡላት። ድንገተኛ ድምፅ ሰውነቷን ሊያስደነግጥና ሚዛኗን ሊያሳጣት ስለሚችል ከጀርባዋ ቆመው ፊሽካ አይንፉ። ተቀምጦ የሚካሄድ መረብ ኳስ ለእርሷም ለክፍሉም የሚሆን ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 በኔዘርላንድስ የተጀመረ ሲሆን፣ ሜዳው 10 በ6 ሜትር፣ የሴቶች መረብ ከፍታ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲም ብቻ ነው። በሁለት ወንበሮች መካከል የተወጠረ ገመድ መረቡን ይተካል። ሁሉም መሬት ላይ ተቀምጦ ሲጫወት ክራንቹ ከሜዳው ውጪ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ እርሷን ከሌሎቹ የሚለያት ነገር እጅግ ያንሳል። ሌላው ቦቻ የሚባለው ጨዋታ ነው፤ መነሻው ሴሬብራል ፓልሲ ላለባቸው ሰዎች ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በፓራሊምፒክ ይካሄዳል። አንድ ነጭ ኳስ አስቀድሞ ይወረወርና ሁለቱ ወገኖች እያንዳንዳቸው ስድስት ኳሶችን ወደ እርሱ ለማስጠጋት ይወዳደራሉ። በአሸዋ ተሞልተው የተሰፉ አሮጌ ካልሲዎች ለዚህ ፍጹም ተስማሚ ናቸው፤ ብይ የተጫወተ የአገራችን ልጅም ሕጉን ለመረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም።

የ60ውን ተማሪ ጉዳይ በተመለከተ፣ ክፍሉን በሙሉ በአንድ ኳስ ዙሪያ ማሰለፍ ለማንም አይጠቅምም፤ አካል ጉዳት የሌለባቸውም አብዛኞቹ ቆመው ነው የሚውሉት። ሜዳውን በስድስት ጣቢያ ከፍለው አሥር አሥር ተማሪ ይመድቡ፦ በአንዱ ገመድ ዝላይ፣ በአንዱ የካልሲ ኳስ ውርወራ፣ በአንዱ ሩጫ፣ በአንዱ ተቀምጦ መረብ ኳስ፣ እንዲህ እያሉ በፊሽካና በተዘረጋ እጅ ምልክት ያዟዙሯቸው። በዚህ አደረጃጀት ማስተካከያው የሚደረገው በአንድ ወይም በሁለት ጣቢያ ላይ ብቻ ስለሚሆን ጊዜዎንም አያባክንም። አንድ ልማድ ግን ከዛሬ ጀምሮ እንዲያስቀሩ አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ሁለት አምበሎች እየተፈራረቁ ተጫዋች የሚመርጡበትን። መጨረሻ ላይ ሳይመረጥ የሚቀረው ልጅ ማን እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። ቡድኑን እርስዎ ራስዎ ይመድቡ።

ጥያቄ፦ ዳውን ሲንድሮም ያለባት የ9 ዓመት ልጅ አለችኝ። በአዲስ አበባ በአንድ የግል ትምህርት ቤት 2ኛ ክፍል ገብታለች። መጫወት ትወዳለች፤ ሙዚቃ ከሰማች አትቀመጥም። ትምህርት ቤቱ ግን «ለደኅንነቷ ሲባል ከስፖርት ነጻ የሚያደርግ የሐኪም ወረቀት አምጪ» ብሎኛል። በእርግጥ ስፖርት ይጎዳታል?

መልስ፦ ውድ እናት፣ ከስፖርት ነጻ የሚያደርግ ወረቀት አያምጡ። ማምጣት ያለብዎት ልጅዎ ምን ማድረግ እንደምትችል፣ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልጋት የሚገልጽ ወረቀት ነው። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል ያለው ልዩነት ልጅቱ ለሚቀጥሉት አሥር ዓመታት የሚኖራትን ጤና የሚወስን ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ጡንቻቸው ላላ ያለ፣ ክብደት የመጨመርም ዝንባሌ ያላቸው ስለሆኑ እንቅስቃሴ ከሌሎች ልጆች ይበልጥ እንጂ ያነሰ አያስፈልጋቸውም።

እውነተኛ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ልብ ነው፤ ዳውን ሲንድሮም ይዘው ከሚወለዱ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ አፈጣጠር ችግር ይኖርባቸዋል። ልጅዎ እስካሁን የልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ ኢኮ የሚባለውን ምርመራ ካላደረገች ይህን ያስቀድሙ። ሁለተኛው አንገት ነው። በአንዳንዶቹ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሁለት የአንገት አከርካሪዎች የሚያያይዙት ጅማቶች የላሉ ስለሚሆኑ አንገት ላይ ኃይለኛ ጫና ሲያርፍ የአከርካሪ ሕብለ ሰረሰር ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በጅምናስቲክ ወደፊትና ወደኋላ መንከባለል፣ በጭንቅላት መቆም፣ ኳስ በግንባር መምታትና በጭንቅላት ወደ ውኃ መዝለል ሐኪሟ አይቶ ካልፈቀደ በቀር ይቅርባት። የአንገት ሕመም፣ የአንገት መጣመም፣ አረማመዷ በድንገት መለወጥ፣ የእጅ ወይም የእግር መዛል፣ ቀድሞ ትቆጣጠረው የነበረውን ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ከታየባት እንቅስቃሴውን አስቁመው በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። መምህሯም እነዚህን ምልክቶች እንዲያውቅ ያድርጉ።

ከዚህ ውጪ ያለው ሁሉ ክፍት ነው። ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ቢጻፍ በቂ ነው፦ «ልጅቱ በሩጫ፣ በውርወራ፣ በዝላይ፣ በዳንስና በኳስ ጨዋታ እንድትሳተፍ ይመከራል። አንገት ላይ ጫና ከሚያሳርፉ እንቅስቃሴዎች ትከልከል። ስትደክም እንድታርፍ ይፈቀድላት።» ሐኪሟ የልቧን ምርመራ ውጤት ይጨምርበታል። ትምህርት ቤቱ ይህን ወረቀት ሲያይ ኃላፊነቱ ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ በግልጽ ስለሚያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል።

ለመምህሯ የማስተላልፈው አንድ ሁለት ነገር አለ። ብዙ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ አይስጧት፤ አንዱን በአጭሩ ይናገሩ፣ ራስዎ ሠርተው ያሳዩአት፣ ከዚያ እርሷ ትሥራ፣ ደግማም ትሥራው። እነዚህ ልጆች በጆሮ ከሚሰሙት ይልቅ በዐይን ያዩትን በቀላሉ ይይዛሉ፤ ብዙዎቹም የመስማት ችግር አለባቸውና ፊት ለፊት ቆመው ያነጋግሯት። ሙዚቃ የምትወድ ከሆነ ማሟሟቂያውን በእስክስታ ያድርጉት። ትከሻን፣ ሚዛንንና ትንፋሽን በአንድነት የሚያሠራ፣ ለክፍሉም በሙሉ የሚሆን እንቅስቃሴ ስለሆነ እኔ በግሌ ከብዙዎቹ የተለመዱ ማሟሟቂያዎች አስበልጠዋለሁ።

ጥያቄ፦ በጎንደር የ9ኛ ክፍል የስፖርት መምህር ነኝ። ዊልቸር የሚጠቀም ተማሪ አለኝ። የተግባር ፈተናው የ100 ሜትር ሩጫና የርዝመት ዝላይ ነው። ርእሰ መምህሩ «ማለፊያ ስጠውና ተወው» ይለኛል። ሌላ አማራጭ አለ?

መልስ፦ አለ። የማለፊያ ስጦታው ተማሪውን የሚረዳ ይመስላል እንጂ «ከአንተ የሚጠበቅ ነገር የለም» የሚል መልእክት ያስተላልፋል፤ በ9ኛ ክፍል ዕድሜ ያለ ልጅ ደግሞ ይህን ወዲያው ይረዳል። ዜሮ መስጠት ግልጽ በደል ነው። ሁለቱንም ትተው «ይህ ፈተና ሊለካ የፈለገው ምንድን ነው?» ብለው ይነሱ። የ100 ሜትር ሩጫ የሚለካው የአነሳስ ቅልጥፍናን፣ ፍጥነት መጨመርንና ያንን ፍጥነት ይዞ መጨረስን ነው። እነዚህ ሦስቱም በዊልቸር ላይ አሉ። አስፋልት ወይም ሲሚንቶ የሆነ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ 20 ወይም 40 ሜትር ለክተው በመንፈቅ ዓመቱ መጀመሪያ የገባበትን ሰዓት ይመዝግቡ፣ የአገፋፍ ዘዴውን ያስተምሩት፣ ከስምንት ሳምንት በኋላ እንደገና ይለኩት። ውጤቱን ከሯጮቹ ሰዓት ጋር ሳይሆን ከራሱ የመጀመሪያ ሰዓት ጋር ያነጻጽሩ። በርዝመት ዝላይ ፋንታ ተቀምጦ አሎሎ ወይም የአሸዋ ከረጢት መወርወር በድንገት ጉልበት የማውጣት ችሎታን በተመሳሳይ ሁኔታ ይለካል።

ስለ አገፋፉ ላብራራ፤ ብዙ ተማሪዎች ጎማውን ከላይ በትንንሽ ግፊት ስለሚነካኩት ቶሎ ይደክማሉ። እጁን ወደኋላ ወስዶ ጎማውን ከአናቱ ትንሽ ወደኋላ ይያዝ፣ በረጅሙ ወደፊትና ወደታች ይግፋ፣ ከዚያ እጁን ለቆ ክንዱ በነጻ ተመልሶ ወደኋላ ይሂድ። በእያንዳንዱ ግፊት ደረቱ በትንሹ ወደፊት ያጋድላል። መዳፉ እንዳይላጥ ጣቱ የተቆረጠ የሹራብ ጓንት ያድርግ። ከሥራው በፊት የጎማው ነፋስና ፍሬኑ ይታይ። ተማሪው የአከርካሪ ጉዳት ያለበት ከሆነ ከጉዳቱ በታች ያለው አካሉ ላብ ላያወጣ ስለሚችል በቀትር ፀሐይ አያሠሩት፣ ውኃም አይለየው፤ የማይሰማው የሰውነት ክፍል ስለሚቆስል በየተወሰነ ደቂቃው በክንዱ ተደግፎ ከመቀመጫው ከፍ እንዲል ያስታውሱት።

ሰዓት መያዝ፣ ነጥብ መመዝገብና ዳኝነት መማሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ተማሪ በተራው የሚሠራው ሲሆን ነው። የዊልቸር ተጠቃሚው ብቻ ዘወትር መዝጋቢ ከሆነ ከልብስ ጠባቂነት ወደ ወረቀት ጠባቂነት አደገ እንጂ ስፖርት አልተማረም። የተስተካከለውን መመዘኛ ከመንፈቅ ዓመቱ በፊት ጽፈው ለርእሰ መምህሩና ለተማሪው ይስጧቸው፤ ውጤቱ ሲወጣ ክርክር አይነሳም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ኦቲዝም ያለበት የ8 ዓመት ልጄ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራል። በስፖርት ሰዓት ጆሮውን ይዞ ስለሚጮህ ከረዳት ጋር ኮሪደር ላይ እንዲቀመጥ ይደረጋል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ስለሆነ ስብሰባው ላይ ዝም እላለሁ። የመጠየቅ መብት አለኝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሙሉ መብት አለዎት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የአካል ጉዳተኞች ትምህርት ሕግ ልዩ ትምህርት ምን እንደሆነ ሲተረጉም የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርትን በቀጥታ አካቶታል። ልጁ እንደ ጓደኞቹ በመደበኛው ክፍለ ጊዜ መሳተፍ ካልቻለ ትምህርት ቤቱ ለእርሱ የተዘጋጀ፣ እዚያ «አዳፕትድ ፒኢ» ብለው የሚጠሩትን ትምህርት ማቅረብ ይጠበቅበታል። ኮሪደር ላይ መቀመጥ ከሁለቱ አንዱም አይደለም። የልጁን የግል የትምህርት ዕቅድ፣ ማለትም «አይኢፒ» የሚባለውን ሰነድ አውጥተው ስለ ሰውነት ማጎልመሻ የተጻፈ ነገር መኖሩን ይመልከቱ። ከሌለ ስብሰባ እንዲጠራ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በዚያው ደብዳቤ ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚያስፈልግዎ ይግለጹ። ወላጅ በስብሰባው የሚባለውን እንዲረዳ ማድረግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ስለሆነ አስተርጓሚው የሚመጣው በእርሱ ወጪ ነው። ልጅዎን ወይም ታላቅ ወንድሙን አስተርጓሚ አድርገው አይውሰዱ።

በስብሰባው ላይ ደግሞ ጆሮውን የሚይዘው ለምን እንደሆነ ይነሳ። በጂምናዚየም ውስጥ የፊሽካ፣ የጫማና የኳስ ድምፅ ከግድግዳው እየተመለሰ ስለሚያስተጋባ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ሊያም እስከሚችል ድረስ ይከብዳል። ፊሽካው በእጅ ምልክት ሊተካ፣ ልጁ ድምፅ የሚቀንስ የጆሮ መሸፈኛ ሊያደርግ፣ ከሌሎቹ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ ቦታውን ሊላመድ ይችላል። የክፍለ ጊዜውን ቅደም ተከተል በሥዕል የሚያሳይ ካርድ፣ መሮጥ፣ ኳስ መወርወር፣ ውኃ መጠጣት፣ ማብቃት እያለ በየተራ የሚገለበጥ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚነግረው ጭንቀቱን በእጅጉ ያቃልላል። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ብቻ ቢቆይ እንኳ ያ አሥር ደቂቃ በዕቅዱ ላይ እንደ ግብ ተጽፎ በየወሩ እንዲጨምር ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። መስማት የተሳነኝ ስሆን ስፖርት በጣም እወዳለሁ። መምህሩ በፊሽካ ስለሚያስጀምር ሁልጊዜ ከሌሎቹ ዘግይቼ እነሳለሁ። በእግር ኳስም ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ስለምጫወት ሆን ብዬ አልሰማም ያልኩት ይመስለዋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ እንዳልሆነ በመጀመሪያ እወቅ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ዓለም አቀፍ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1924 በፓሪስ ከተጀመረ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ለፊሽካና ለተኩስ ምትክ የሚሆን መፍትሔም ቆይቷል። በሩጫ አስጀማሪው ብርሃን ይጠቀማል ወይም የዘረጋውን ክንድ በድንገት ያወርዳል፤ በእግር ኳስ ዳኛው ከፊሽካው ጋር ባንዲራ ያነሳል። የጨዋታው ሕግ አይለወጥም።

ለመምህርህ አጭር ደብዳቤ ጻፍለትና ሦስት ነገር ጠይቀው። ሩጫ ሲያስጀምር አንተ ከምታየው ቦታ ቆሞ ከፊሽካው እኩል እጁን እንዲያወርድ፤ በእግር ኳስ ፊሽካ በነፋ ቁጥር ቀይ ጨርቅ ከፍ እንዲያደርግ፣ ተጫዋቾቹም እጃቸውን አንስተው እንዲቆሙ፤ ሲያስረዳ ወደ አንተ ዞሮ፣ ፀሐይዋ ከጀርባው ሳትሆን ፊቱ ላይ አርፋ እንዲናገር፤ ፀሐይ ከኋላው ከሆነች ፊቱ ስለሚጨልም የከንፈሩን እንቅስቃሴ ማንበብ አትችልም። ቀዩን ጨርቅ አንተው ከቤት ይዘህ ሂድና ከደብዳቤው ጋር ስጠው። ጓደኞችህንም «ቁም»፣ «አቀብል»፣ «ከኋላህ ሰው አለ» የሚሉትን ምልክቶች አስተምራቸው፤ ሜዳ ላይ ከሩቅ ለመግባባት ለእነርሱም ይጠቅማቸዋል። መምህርህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ምንም ካልለወጠ የደብዳቤውን ግልባጭ ለክፍል ኃላፊ መምህርህና፣ በትምህርት ቤቱ ካለ፣ ለልዩ ፍላጎት መምህሩ ስጥ።